61 ላይ ደርቆ የቀረ ላፕቶፕ፦ ማጥፊያውን ከመጫናችሁ በፊት

ማታ 3 ሰዓት ገደማ በራችን ተንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። ላፕቶፗን እንደተከፈተ፣ ቻርጀሩ መሬት እየነካ፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማለች።

"ጋሼ፣ 61 ላይ ደርቆ ቀረ። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ላጥፋው?"

"እንዳትነኪው!" አልኳት። ሳላስበው ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ደነገጠች።

ዊንዶውስ 10ን ወደ 11 እያሳደገች ነው። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ከሥር 61 ፐርሰንት ይላል። የመመረቂያ ጽሑፏ ዴስክቶፕ ላይ ነው። "ሌላ ቦታ ኮፒ አለሽ?" ስላት መልስ የለም።

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ጆሮዬን ኪቦርዱ ላይ ደገፍኩ። ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር በስተግራ፣ ከር… ከር ከር… የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እየሠራ ነው። ቻርጀሩን ሰካነውና ተቀመጥን። እናቷ ቡና አፍልታ መጣች። ሦስተኛውን ስንጠጣ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20 ላይ፣ 62 አለ። ከዚያ በኋላ እስከ 75 ለመድረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

የዘገየና የሞተ ላፕቶፕ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሰው ብዙውን ጊዜ ፋይሉን የሚያጣው ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ አይደለም። ልዩነቱን ሳያይ ማጥፊያውን ስለተጫነ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በትዕግሥት ማጣት አንድ ላፕቶፕ መሀል ላይ አጥፍቼ፣ የወንድሜን ሠርግ ፎቶ በሙሉ አጥቻለሁ። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለእኔም የተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የምጠቅሳቸው ገጾችና ቁልፎች ስም ስክሪኑ ላይ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እንደሚነበበው ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ሰዓት ያዙ

ቁጥሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበትን ሰዓት ጻፉ። በግምት "ብዙ ቆየ" ማለት አይሠራም፤ ስትጨነቁ 20 ደቂቃ 2 ሰዓት ይመስላል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከሁሉ ይቀላል፤ ሰዓቱንም ቁጥሩንም አብሮ ይይዝላችኋል።

ምን ያህል ይጠበቃል? የእኔ ልክ ይህ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከቆመበት ጀምሮ 3 ሰዓት። አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ። የትኛው እንዳላችሁ ካላወቃችሁ የድሮውን አስታውሱ፦ ላፕቶፑ ሲበራ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ቡና ይቆላ ነበር? እንግዲያውስ ሃርድ ዲስክ ነው።

ፐርሰንቱ የሰዓት ልክ እንዳልሆነም እወቁ። 61 ማለት "39 ደቂቃ ቀረው" ማለት አይደለም። አንዳንዷ ቁጥር ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይገለበጣሉ፤ አንዳንዷ ባዶ ናት።

ነፍስ አለው ወይስ የለውም?

ሰዓት እየቆጠራችሁ ምልክቶቹን እዩ። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ሁለት ሦስቱን አጣምሩ።

የዲስኩን መብራት ፈልጉ። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ከፊት ጠርዝ ወይም ከጎን፣ የቆርቆሮ ጣሳ የምትመስል ትንሽ ምልክት አጠገብ ነው። ብልጭ ድርግም ካለ፣ ሰከንዶች እየዘለለም ቢሆን፣ ሥራ አለ። ጠብቁ። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ይህ መብራት አይኖርም፤ እዚያ ማራገቢያውን አዳምጡ። ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ጥሩ ነው። ኪቦርዱን በመዳፍ ንኩት። ከሰዓታት በኋላም የሚሞቅ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አላረፈም።

ካፕስ ሎክን ተጫኑ። መብራቱ በርቶ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ይሰማችኋል። ካልበራ ግን ወዲያው "ሞተ" አትበሉ፤ ድራይቨር (ዊንዶውስ አንድን ዕቃ የሚያሠራበት ትንሽ ፕሮግራም) በሚጫንበት ሰዓት ኪቦርዱ ለጊዜው ሊለቅ ይችላል።

የሚዞሩትን ነጠብጣቦች በጣም አትመኑ። ሥራው ቆሞም እነሱ ሊዞሩ ይችላሉ። ነጠብጣቦቹ ራሳቸው ደርቀው ከቆሙ ግን ያ ከባድ ምልክት ነው።

ከዲስኩ ከር ከር ሳይሆን ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ የሚል፣ እንደ ሰዓት እኩል የሚደጋገም ድምፅ ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። በዚያ ጊዜ መጠበቅ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። አጥፉትና፣ ምንም ሳትሞክሩ፣ ፋይል ወደማዳን እለፉ።

የት ላይ ደረቀ?

ዊንዶውስ ሲያድግ በአራት ደረጃ ያልፋል። የደረቀበት ደረጃ ምክንያቱን ግማሽ ያህሉን ይነግራችኋል።

በመጀመሪያው ደረጃ ዴስክቶፑ ገና ይታያል፤ ሥራው በአንድ መስኮት ውስጥ ነው የሚካሄደው። እዚህ ቢቆም ጉዳቱ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት እየጠበቀ ነው፤ ወይ ዲስኩ ሞልቷል፤ ወይ አንቲቫይረስ አንቆታል። ዋይፋዩን አጥፉትና ትንሽ ጠብቁ። የሚያወርደውን ነገር ተስፋ ቆርጦ የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልሆነ "ካንስል" ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ሥራው ስክሪኑን በሙሉ ሲይዘው ነው። ዊንዶውሳችሁ በዚያ ሰዓት አይሠራም። አንድ ትንሽ ጊዜያዊ ዊንዶውስ ተነሥቶ አሮጌውን ወደ ጎን ያነሳል፣ አዲሱን ያነጥፋል። ቤት ውስጥ ሰው እያለ ጣሪያ መቀየር ማለት ነው። መብራት ቢሄድ በጣም የማልወደው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው አዲሱ ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ዕቃዎቹን ሲተዋወቅ ነው፤ የስክሪኑን ካርድ፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን። እዚህ ከደረቀ ዘጠኝ እጁ የድራይቨር ነገር ነው። አራተኛው ማሳመሪያው ነው፤ እዚያ የሚደርቅ ጥቂት ነው።

መብራት ሲሄድ

ጢስ አባይ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ውሃው ከኛው ጣና ወጥቶ ተርባይን ያዞራል። ቢሆንም መብራት መሄዱ አይቀርም። በሐምሌና ነሐሴማ ከጣና ላይ ነጎድጓድ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ባትሪው ደህና ከሆነ ምንም አታድርጉ። ክዳኑን አትዝጉ፤ ላፕቶፑ ሊተኛ ይችላል። ነጎድጓድ ከሆነ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ቻርጀር ያቃጥላል። መብራቱ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ያህል ከረጋ በኋላ ስኩት።

ባትሪው የሞተ፣ በቻርጀር ብቻ የሚኖር ላፕቶፕ ከሆነ ግን አብሮ ጠፍቷል። አትደንግጡ። መብራት ሲመጣ አብሩትና እጃችሁን ሰብስቡ። ዊንዶውስ ለዚህ የተዘጋጀበት መንገድ አለው። ወይ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ወይ "ሪስቶሪንግ ዩር ፕሪቪየስ ቨርዥን" ብሎ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ ሲመጣ ሰው ይከፋዋል። ሊከፋችሁ አይገባም፤ ራሱን እያዳነ ነው። መመለሱም የማሳደጉን ያህል ሊረዝም ይችላል። እሱንም መሀል ላይ ያቋረጠ ሰው ነው እውነተኛ ችግር ውስጥ የሚገባው።

የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ

ሰዓቱ አልፏል፣ ምልክቶቹም ደህና አይደሉም እንበል። ከማጥፋት በፊት አንድ ቀላል ነገር ይቀራል። ፍላሹን፣ ሚሞሪ ካርዱን፣ ፕሪንተሩን፣ የዋይፋይ ዶንግሉን፣ ማውሱን ሳይቀር ንቀሉ። ቻርጀሩ ብቻ ይቅር። አንዳንዴ አዲሱ ዊንዶውስ የማያውቀው አንድ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቆመው። እኔ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ላፕቶፕ ላይ፣ ፕሪንተሩ ሲነቀል ቁጥሩ ወዲያው ሲሮጥ አይቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ስጡት።

በግድ ማጥፋት፦ በሥርዓት

አሁን ማጥፊያውን መጫን ተፈቅዷል። ተጭናችሁ ያዙት፤ 10 ሰከንድ፣ ካልጠፋም እስከ 20። መብራቶቹ ሁሉ ሲጠፉ ልቀቁ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ከዚያ ማጥፊያውን እንደገና ለ30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ምንም አይታይም፤ ውስጥ የቀረችውን ኤሌክትሪክ ለማራገፍ ነው። ሁሉን መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩ።

ከቀጠለ ወይም ወደ አሮጌው ከተመለሰ ተገላገላችሁ። ምክንያቱን ወደምናይበት እለፉ። የኩባንያው ምልክት ብልጭ እያለ እየጠፋ በዚያው የሚዞር ከሆነ ቀጣዩ ክፍል የእናንተ ነው። ማራገቢያው እየሠራ ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ፣ ከመደናገጣችሁ በፊት በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት። ምስሉ እዚያ ከመጣ ዊንዶውሱ ደህና ነው፤ የስክሪን ወይም የስክሪን ድራይቨር ጉዳይ ነው። ዊንዶውሱ ገብቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፉን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ። የስክሪኑን ድራይቨር እንደ አዲስ ያስነሳዋል።

ወደ ሰማያዊው ገጽ መግባት

ላፕቶፑን አብሩ። የኩባንያው ምልክት ሲመጣ ማጥፊያውን ይዛችሁ አጥፉ። ይህን ሁለቴ ሦስቴ ድገሙ። በቀጣዩ ጊዜ "ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር" ብሎ ወደ ሰማያዊ ገጽ ይወስዳችኋል። መጀመሪያ አታጥፉ ብዬ አሁን ደጋግማችሁ አጥፉ ማለቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ልዩነቱ፣ አሁን የሚገለበጥ ነገር እንደሌለ አረጋግጠናል።

"አድቫንስድ ኦፕሽንስ"፣ ከዚያ "ትራብልሹት"፣ ከዚያ እንደገና "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"። እዚህ ስድስት ያህል ምርጫ ይመጣል። እጃችሁ "ስታርትአፕ ሪፔር" ላይ ይሮጣል። ቆይ!

ፋይሉ ይቅደም

ዊንዶውስ በማንኛውም ቀን እንደገና ይጫናል። የመመረቂያ ጽሑፍና የልጅ ፎቶ አይጫንም። ስለዚህ ከጥገናው በፊት ፋይሉን እናውጣ። ይህን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ግን ምንም ፕሮግራም አይፈልግም።

በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ሰኩ። ከምርጫዎቹ "ኮማንድ ፕሮምፕት" የሚለውን ክፈቱ። ጥቁር መስኮት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል "ኖትፓድ" ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ያ የምታውቁት ተራ መጻፊያ ይከፈታል። "ፋይል"፣ ከዚያ "ኦፕን" በሉ። የምትከፈተዋ ትንሽ መስኮት በግማሽ ፋይል ማቀናበሪያ ናት። ከታች በስተቀኝ የፋይል ዓይነት የሚለውን ወደ "ኦል ፋይልስ" ቀይሩ፤ ካልቀየራችሁት ፋይሎቻችሁ አይታዩም፣ ጠፉ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ከዚያ "ዚስ ፒሲ"።

እዚህ ፊደሎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ይመጣል። ውስጡ "ዩዘርስ" የሚል ፎልደር ያለበትን ፈልጉ። ስማችሁን፣ ከዚያ ዴስክቶፕን፣ ዶኩመንትስን፣ ዳውንሎድስን፣ ፒክቸርስን አንድ በአንድ በቀኝ ክሊክ "ኮፒ" አድርጉና ፍላሹ ላይ "ፔስት" በሉ።

ፔስት ካላችሁ በኋላ መስኮቱ ይደርቃል። የሚሞላ አረንጓዴ መስመር የለም፣ ቁጥር የለም። ይህም የሞተ የሚመስል ሥራ ነው። የፍላሹን መብራት እዩ፤ እስካበራ ድረስ እየገለበጠ ነው። ከባድ ፎልደር ከሆነ ትታችሁት እራት ብሉ። አንድ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ቪዲዮ አልገለብጥ ካለ ደግሞ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው፣ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል በማይቀበለው አሠራር ስለተዘጋጀ ነው፤ ሌሎቹን አውጥታችሁ እሱን በሌላ ዲስክ ሞክሩ።

መሀል ላይ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከጠየቃችሁ ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተቆልፏል። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ይበራል። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባችሁ ከሆነ ቁልፉ እዚያ ተቀምጦ ይሆናል፤ በስልካችሁ ወደ አካውንታችሁ ገብታችሁ ከላፕቶፑ ስም ጋር ፈልጉት። ያለ ቁልፉ "እኔ አወጣልሃለሁ" የሚል ቴክኒሻን ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። አይወጣም።

አሁን ጥገናው

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ልብ ቀለል ይላል፤ ስህተትም ይቀንሳል። ቅደም ተከተሌ ይህ ነው።

"ጎ ባክ ቱ ዘ ፕሪቪየስ ቨርዥን" የሚል ካለ በእሱ ጀምሩ። አሮጌውን ዊንዶውስ ከነፕሮግራሞቹ ይመልሳል። አሮጌው የሚቀመጠው ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ነው፤ በተለመደው አሠራር 10 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይሰረዛል። "አንኢንስታል አፕዴትስ" የሚለውም አለ፤ የደረቀው ሙሉ ማሳደግ ሳይሆን ተራ አፕዴት ከነበረ እሱን ሞክሩ።

እነዚያ ካልሠሩ "ስታርትአፕ ሪፔር"። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ "መጠገን አልቻልኩም" ብሎ ነው የሚመለሰው። ግን ሁለቴ ማስሞከር ክፋት የለውም። ቀጥሎ "ስታርትአፕ ሴቲንግስ"፣ "ሪስታርት"፣ ከዚያ 4 ቁጥርን ተጫኑ። ሴፍ ሞድ ይገባል፤ ዊንዶውስ በግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ይዞ የሚነሣበት መንገድ ነው። ከገባ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል፤ የዊንዶውሱ አካል ደህና ነው፣ የሚያንቀው አንድ ድራይቨር ነው። ሌላ ኩባንያ የሠራው አንቲቫይረስ ካለ አጥፉት። የስክሪን ካርዱን ድራይቨር ከ"ዲቫይስ ማኔጀር" አንሡት። በተለመደው መንገድ አስነሡት።

ማክ ያላችሁ ጥቂቶች ናችሁ፤ ባጭሩ። የመጠበቁ ሕግ ያው ነው። በግድ ካጠፋችሁ በኋላ፣ አዲሶቹን ማጥፊያውን ሳትለቁ በማብራት፣ የኢንቴሎቹን ኮማንድና አርን ይዛችሁ በማብራት ወደ ሪከቨሪ ግቡ። "ሪኢንስታል ማክኦኤስ" ፋይል ሳያጠፋ ከላይ ይጭናል። "ኢሬዝ" የምትለዋን አትንኩ።

ለምን ደረቀ?

ላፕቶፑ ከተነሣ በኋላ ደስ ብሎን እንደገና "አፕግሬድ" የምንል ብዙ ነን። ያው ቦታ ላይ ይደርቃል። መጀመሪያ የሰጣችሁን የስህተት ኮድ እዩ። 0ኤክስሲ1900101 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ድራይቨር ነው። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አዲሱን ድራይቨር አምጡ። 0ኤክስ80070070 ከሆነ ቦታ ጠቦታል። ከ30 ጊጋ ያላነሰ ነፃ ቦታ ሲ ላይ አስለቅቁ። የዳውንሎድስ ፎልደርን ብቻ ማጽዳት ስንቱን ያስለቅቃል መሰላችሁ፤ የተደጋገመ ፊልምና የቴሌግራም ቪዲዮ ነው የሚሞላው።

ዲስኩን መርምሩ። ሲ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ "ፕሮፐርቲስ"፣ "ቱልስ"፣ "ቼክ"። የተበላሸ ቦታ ያለበት ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ማሳደግ ትርፉ ድካም ነው።

ሙቀትም አለ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ከሰዓት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎለት ለሦስት ሰዓት ሲሠራ መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል። ለዚህ ጠንካራ ጠረጴዛ ብቻ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማየው ችግር ግን ላፕቶፑ ራሱ ለዊንዶውስ 11 የማይሆን መሆኑ ነው። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ ነው። የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። አይ5-6300ዩ ካለ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው 6 ስድስተኛ ትውልድ ማለት ናት። 8250 ከሆነ ስምንተኛ። 10210 ከሆነ አሥረኛ፤ እዚያ ሁለቱን አኃዝ ነው የምትወስዱት። ለኢንቴል፣ ጥቂት የተለዩትን ትተን፣ ዊንዶውስ 11 ከስምንተኛው በታች አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክም ይፈልጋል። "ፒሲ ሄልዝ ቼክ" የሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም በአንድ ክሊክ ይነግራችኋል።

"አልፈህ ጫንልኝ" የሚሉኝ አሉ። ማታለያ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ለሰው ላፕቶፕ አላደርገውም። ዛሬ ቢሄድ በሚቀጥለው ትልቅ አፕዴት ሊደርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚንኳኳው የእኔው በር ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የተራዘመው የደኅንነት አፕዴት ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ለአሮጌው ላፕቶፕ እሱን መመዝገብ፣ ወይም በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንትን መሞከር ይሻላል።

ፎርማት ሲባል

ምንም ካልሠራ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይቀራል። ከሰማያዊው ገጽ "ሪሴት ዚስ ፒሲ"፣ ከዚያ "ኪፕ ማይ ፋይልስ" ብትሉ ፕሮግራሞቹ ይጠፋሉ፣ ፋይሎቹ ይቀራሉ። እሱም እምቢ ካለ፣ ከ8 ጊጋ ያላነሰ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ደህና ኢንተርኔት ያለው ጓደኛ ቤት ሂዱ። "ሚዲያ ክሪዬሽን ቱል" በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ መጫኛ ፍላሽ ሥሩ። የሚወርደው ከ4 ጊጋ በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ ፓኬጃችሁን እዩ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ ፋይል ያወጣችሁበትን ፍላሽ ለዚህ አትጠቀሙ። በስንት ሰው ደርሷል መሰላችሁ።

ኮምፒውተር ቤት የምትወስዱት ከሆነ አንድ ነገር አስምሩበት። "ሲን ብቻ ነው የምናጠፋው፣ ዲ አይነካም" ይሏችኋል። እውነት ነው፤ ውሸት አይደለም። ግን ዴስክቶፕና ዶኩመንትስ ያሉት ሲ ውስጥ ነው! አንድ የማውቀው ነጋዴ የሁለት ዓመት ሒሳቡን ያጣው እንዲህ ነው። ቴክኒሻኑ ያለውን አደረገ፤ እሱ ደግሞ ዴስክቶፕ የት እንዳለ አያውቅም ነበር። "መጀመሪያ ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር ገልብጥልኝ" ብላችሁ በቃል ሳይሆን ፊት ለፊት ቆማችሁ አስደርጉ።

ለሚቀጥለው ጊዜ

ባትሪው 100 ይሙላ፣ ቻርጀሩ ይሰካ። ቀኑ የሥራ ቀን አይሁን፤ ሰማዩም የጠቆረበት ማታ አይሁን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የምጀምረው፤ ቢዘገይ ቀኑ በእጄ ነው። "ስሊፕ" የሚለውን ከፓወር ሴቲንግስ ላይ "ኔቨር" አድርጉ። የማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ ይነቀል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከማሳደጉ በፊት ባትሪ ግዙ፤ ወይም ቢያንስ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ያለው ቢሮ ውስጥ አሳድጉት።

የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ዴስክቶፑን አሳየ። ጽሑፏ ባለበት ነበር። ልትዘጋው ስትል "ቆይ" አልኳትና፣ በእኔ ዋይፋይ ፋይሉን ወደ ቴሌግራሟ ሴቭድ ሜሴጅስ ላከችው። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ፋይሉ ሦስት ሜጋ እንኳን አይሞላም ነበር።